በፀሐይ ብቻ የሚታየው ጭረት፦ የመኪናችሁን ቀለም ራሳችሁ ፖሊሽ ለማድረግ

ጥቁር መኪና ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ታጥቦ ጥላ ውስጥ ሲቆም ያብለጨልጫል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የተዘረጋበት ይመስላል። ቀጫጭን ጭረቶች ብርሃኑን ክብ ሠርተው ይከቡታል። ነጭና ብርማ መኪና ላይም አሉ፤ ዓይን ቶሎ አይዛቸውም እንጂ።

አንድ ነገር ሞክሩ። ማታ የስልካችሁን መብራት አብሩና ኮፈኑ ላይ አዙሩት። ክቡ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ጭረቶቹ ክብ ስላልሆኑ ነው። በሁሉም አቅጣጫ የተበተኑ ትንንሽ መስመሮች ናቸው። ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ግን አግድም የሚያቋርጡት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ተሰብስበው ክብ ይመስላሉ።

የመጡት ከየት ነው? በአብዛኛው ከጨርቅ። ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማንሳት፣ በላባ መጥረጊያ ማራገፍ፣ ላቫጆ ቤት ጎማ ያጠበው ስፖንጅ ኮፈን ላይ ሲወጣ ዝም ብሎ ማየት። የከተማችን አቧራ ሲሚንቶና የድንጋይ ብናኝ የበዛበት ነው። ጨርቁ ያንን ይዞ ቀለሙ ላይ ይጎትተዋል።

መልካሙ ዜና፣ አብዛኛው ይጠፋል። ጋራዥ መሄድም የግድ አይደለም። አንድ ሙሉ ቀን፣ ጥላ ያለበት ቦታና ትዕግሥት ካላችሁ ግቢያችሁ ውስጥ መሥራት ትችላላችሁ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና ይዞ መቆየት ለብዙዎቻችን የግድ ሆኗል። ቀለሟንም እንደዚያው።

ምን እየነካችሁ እንደሆነ እወቁ

የዛሬ መኪና ቀለም ድርብርብ ነው። ከብረቱ ቀጥሎ ፕራይመር አለ። በላዩ ቀለሙ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ቀለም የሌለው፣ የሚያብረቀርቀው ክሊር አለ። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና ላይ ሁሉም ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናሉ። ክሊሩ ብቻውን 40 ማይክሮን አካባቢ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት ደግሞ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ያ ሁሉ አንፀባራቂነት የተሸከመው ንጣፍ ከአንዲት ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው።

ፖሊሽ ማድረግ ጭረቱን መሙላት አይደለም። በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ከጭረቱ ግርጌ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። የተነሳ ክሊር ደግሞ አይመለስም። ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ፀሐይዋ ቀለም ላይ አትራራም። ጣሪያውና ኮፈኑ ነጭ ነጭ ብሎ የሚላጥ መኪና አይታችሁ ከሆነ፣ ክሊሩ ያለቀበትን ነው ያያችሁት።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚለካው በአንድ ነገር ነው፤ በተቻለ መጠን ትንሽ ማንሳት። ድሩ ከጠፋና ሁለት ሦስት ጠለቅ ያሉ መስመሮች ከቀሩ፣ ይቅሩ። እነሱን ተከትሎ መውረድ ነው ቀለም የሚያስጨርሰው።

የትኛው ጭረት ይጠፋል?

ጥፍራችሁን ጭረቱ ላይ አግድም ጎትቱ። ጥፍሩ ካልያዘ ይጠፋል። ትንሽ ከያዘ ይደበዝዛል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። ጥፍሩ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም በጭረቱ ውስጥ ነጭ፣ ግራጫ ወይም ብረት ከታየ ያ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው። ፖሊሽ አይፈታውም።

ሌላው መንገድ ውሃ ነው። ጭረቱን በውሃ አርጥቡት። እርጥብ ሳለ ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ፣ ጭረቱ ክሊሩ ላይ ብቻ ነው። ደስ ይበላችሁ።

ሁለት መኪኖች ግን ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ክሊር የሌለው ነው። ብዙ አሮጌ መኪኖች፣ በተለይ ነጮቹ፣ ቀለማቸው ራሱ ነው የሚያብረቀርቀው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አድርጋችሁ ከታች ባለ የማይታይ ቦታ እሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለም። ነጭ መኪና ከሆነ ጥቁር ጨርቅ ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ ምንም አታዩም። እንዲህ ያለ መኪናም ፖሊሽ ይደረጋል፣ እንዲያውም ደስ ይላል፤ ፓዱ (ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ) የመኪናውን ቀለም ስለያዘ ብቻ እንዳትደነግጡ።

ሁለተኛው ተቀብቶ የሚያውቅ መኪና ነው። ባትላሜራና ቀለም ቀቢ እጅ የገባ ፓራፋንጎ ወይም በር ከሌላው አካል ጋር አንድ ዓይነት አይሆንም። አንዳንዱ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይነሳል። አንዳንዱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ክሊሩ አልቆበታል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ከ200 ማይክሮን በላይ ካነበበ እዚያ ላይ ድጋሚ ተቀብቷል፣ እጅግ ከበዛ ደግሞ ከሥሩ ስቱኮ አለ። መለኪያ ከሌለ የበሩን ጎማና የመብራቱን ጠርዝ አስተውሉ። የቀለም ብናኝ ካረፈበት ተቀብቷል። ገና በደንብ ያልጠነከረ አዲስ ቀለም አትንኩ።

ማሽኑ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሦስት ዓይነት ነገር በገበያ ላይ ታያላችሁ።

አንደኛው ግራይንደር ላይ ፓድ መግጠም ነው። በፍጹም አታድርጉት። ተራ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11 ሺህ ጊዜ ይዞራል። ቀለም ለማቃጠል የሚፈጅበት ሰከንድ ነው።

ሁለተኛው ሮታሪ ፖሊሸር ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፣ ፍጥነቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 3000 ነው። ጋራዦች ውስጥ የሱፍ ፓድ ገጥሞ የሚያገለግለው እሱ ነው። በለመደ እጅ ኃይለኛ መሣሪያ ነው። ባልለመደ እጅ ጠርዝ ላይ ክሊር ይበላል፣ ወይም ፀሐይ ላይ የሚንቀሳቀስ የጥላ መስመር ትቶ ይሄዳል። ፖሊሽ ተደርጎ የመጣ ጥቁር መኪና ላይ ወዲያ ወዲህ ስትሉ የሚከተላችሁ ደብዛዛ ሞገድ የዚህ ማሽን አሻራ ነው።

ሦስተኛው ደብል አክሽን የሚባለው ነው። ፓዱ ይዞራል፣ በተጨማሪም ከመሃሉ እየወጣ ይወዛወዛል። አንድ ቦታ ላይ ሙቀት አያጠራቅምም። ብዙ ስትጫኑት መዞሩን ያቆማል እንጂ ቀለም አይቆፍርም። ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ ሌላ አልመክርም።

ማሽኑን ከውጭ ለምታስመጡ አንድ ነገር። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚያመጣው ማሽን 120 ቮልት ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ እሱም የማሽኑን ዋት በደንብ የሚችል መሆን አለበት። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው ከእኛ መብራት ጋር ይስማማል፤ የዱባዩ ሶኬት ብቻ ሦስት እግር ስለሆነ አዳፕተር ይፈልጋል። እህታችሁን «ፖሊሽ ማሽን አምጪልኝ» ከማለታችሁ በፊት ቮልቱን ጠይቁ።

ከማሽኑ ጋር የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው። ጠንከር ያለ፣ መካከለኛና ለስላሳ የስፖንጅ ፓዶች። ከእያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ሦስት ይኑራችሁ፤ አንድ ፓድ ሙሉ መኪና አይጨርስም፣ ይሞቅና ይቀደዳል። ሁለት ዓይነት ፈሳሽ፦ የሚቆርጥ ኮምፓውንድና የሚያጠራ ፖሊሽ። ሜጓየርስ፣ ስሪ ኤምና ሜንዘርና የታወቁ ናቸው። በሜጓየርስ ለምሳሌ ኤም 105 ቆራጩ ነው፣ ኤም 205 አጥሪው። ሌላ ዓይነት ካገኛችሁም ጠርሙሱ ላይ የመቁረጥ ደረጃው ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ። ብዙ ንጹሕ የማይክሮፋይበር ፎጣ፣ ቀለም ቀቢዎች የሚለጥፉት የወረቀት ፕላስተር፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል።

በየሱቁ «ፖሊሽ» ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ ግን አብዛኛው ሰምና ዘይት ነው። ጭረቱን ይሸፍናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ድሩ ተመልሶ ይመጣል። የጥርስ ሳሙናም ትንሽ ይፈገፍጋል፣ ነገር ግን ለጥርስ የተሠራ ነው፤ ለጥርስ ይቅር።

ማጠብና ማጽዳት

ያልጸዳ ቀለም ላይ ፖሊሽ ማድረግ ቀለሙን በአሸዋ ማሸት ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል አትዝለሉት።

መጀመሪያ ሳትነኩ ውሃ አፍስሱ። የውሃ ጎማ ካለ በሱ፣ ከሌለ ከጀሪካን ከጣሪያው ጀምራችሁ ወደ ታች። አሸዋው ይውረድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ አዘጋጁ፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። ጨርቁን መኪናው ላይ ካሳለፋችሁ በኋላ በንጹሑ አለቅልቁት፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው። ከላይ ወደ ታች ሂዱ። የበሩ የታችኛው ክፍልና ባምፐሩ መጨረሻ ላይ ይታጠቡ። የጎማው ጨርቅ የጎማ ብቻ ነው።

ታችኛው ክፍል ላይ የአስፋልት ሬንጅ ካለ ጨርቅ ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ አድርጋችሁ በቀስታ ጥረጉት፤ ወዲያው በሳሙና እጠቡት።

አሁን እጃችሁን ቀጭን ፌስታል ውስጥ አስገቡና የታጠበው ኮፈን ላይ በቀስታ አሳልፉ። ባዶ እጅ ያላገኘውን ፌስታሉ ይነግራችኋል። ሻካራ ከሆነ፣ ክሪክ ክሪክ ካለ፣ ቀለሙ ላይ የብረት ብናኝ፣ ሲሚንቶ ወይም የዛፍ ሙጫ ተጣብቋል። ይህን የሚያነሳው የመኪና ክሌይ የሚባለው ሊጥ የመሰለ ማጽጃ ነው። ጠፍጠፍ አድርጋችሁ፣ በሳሙና ውሃ እያረጠባችሁ፣ ምንም ሳትጫኑ ወዲያ ወዲህ አንሸራትቱት። በደረቁ በፍጹም። ሲቆሽሽ እጠፉትና ንጹሑን ገጽ አውጡ። መሬት ላይ ከወደቀ ይጣል፤ ዋጋው ቢያሳዝንም ይጣል። አንድ ጠጠር ይዞ ከተነሳ አዲስ ጭረት ነው የሚያወጣው።

መኪናውን አድርቁት። በማሸት ሳይሆን ትልቅ ፎጣ ዘርግቶ መታ መታ በማድረግ።

ከዚያ ፕላስተር ለጥፉ። ጥቁር ፕላስቲክ፣ የበርና የመስታወት ጎማ፣ የመኪናው ስም የተጻፈበት ባጅ። ፖሊሽ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ደርቆ ሲነጣ ማስለቀቁ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሹል የሆኑ የአካሉ መስመሮችና የበር ጠርዞች ላይም ለጥፉ። እዚያ ላይ ክሊሩ ስስ ነው፤ ቀለም የሚነደው መጀመሪያ እዚያ ነው።

ሙከራው

ከሁሉም ደረጃ የምወደው ይኼ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይኼው ነው። መላ መኪናውን ከመጀመራችሁ በፊት ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ በፕላስተር ከልሉ። እዚያ ላይ ብቻ ሥሩ።

ከቀላሉ ጀምሩ፤ ለስላሳ ፓድና አጥሪ ፖሊሽ። አንድ ዙር ሠርታችሁ ጥረጉና በባትሪ እዩ። ድሩ ከጠፋ ጨርሳችኋል፤ መኪናው በሙሉ በዚህ ይሠራል፣ ክሊራችሁም ተረፈ። ካልጠፋ በዚያው ፖሊሽ ፓዱን ወደ መካከለኛ ቀይሩ። አሁንም ካልጠፋ ኮምፓውንድ በመካከለኛ ፓድ። በመጨረሻ ብቻ ነው ኮምፓውንድ በጠንካራ ፓድ የሚመጣው።

ለምን እንዲህ? የመኪና ክሊር ጥንካሬው ይለያያል። አንዱ መኪና ላይ በአንድ ዙር የሚጠፋ ጭረት ሌላው ላይ ንቅንቅ አይልም። የጎረቤታችሁ መኪና ላይ የሠራው የእናንተ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ከውጭ በማየት ማንም አያውቀውም፤ የሚያውቀው ሙከራው ነው።

ስትፈትሹ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፖሊሹ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረቱ ውስጥ ይገባና የጠፋ ያስመስለዋል። አንድ እጅ አልኮል በሁለት እጅ ውሃ በጥብጡና በንጹሕ ፎጣ ጥረጉት። ዘይቱ ይሄዳል፣ እውነቱ ይወጣል። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፤ ውስጡ ሌላ ነገር አለበትና መልሶ ያደበዝዘዋል። በቅርብ የተቀባ ቀለም ላይ አልኮል አታድርጉ።

ማሽኑን መያዝ

ጥላ ያለበት ቦታ ያዙ። ብረቱ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። ቤታችሁ ጋራዥ ከሌለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ጊዜ ነው፤ ንፋሱ ሳይነሳ። አቧራ በሚነሳበት ሰዓት ግቢ ውስጥ አትሥሩ። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ፓዱ ሥር ከገባ ሥራው ይበላሻል።

ከመጀመራችሁ በፊት ፓዱ የሚለጠፍበት ሳህን ጎን ላይ በማርከር አንድ ወፍራም መስመር አስምሩ። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

አዲስ ፓድ ከሆነ ፊቱን በሙሉ በስሱ ፖሊሽ ቀቡት፣ ደረቅ ቦታ እንዳይኖረው። ከዚያ የሽምብራ ፍሬ የሚያክሉ አራት ጠብታዎች ጨምሩ። በቀጣዮቹ ዙሮች ሦስት ይበቃሉ። ብዙ ማድረግ አይጠቅምም፤ ፓዱን ያጨማልቀዋል፣ መስታወታችሁንም ይረጨዋል።

ማሽኑን ሳታበሩ ፓዱን ቀለሙ ላይ አሳርፉት፣ መታ መታ እያደረጋችሁ ፈሳሹን አከፋፍሉ። ከዚያ የማሽኑን የፍጥነት ቁጥር 1 ወይም 2 ላይ አድርጋችሁ አብሩና ቦታውን በሙሉ ቀቡ። አሁን ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርጉ።

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። እጃችሁ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሂድ። የሚያሰለች ያህል ቀርፋፋ ነው፤ ልክ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሂዱ፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ግማሽ ይሸፍን። ቦታውን ስትጨርሱ ከላይ ወደ ታች ድገሙት። እንዲህ እያፈራረቃችሁ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ትሸፍኑታላችሁ። ፓዱ ሁልጊዜ ለጥ ብሎ ይረፍ። ዘንበል ካለ አንድ ጠርዝ ብቻ ይፈገፍጋል።

ምን ያህል ልጫን? መልሱ ያ የማርከር መስመር ነው። መስመሩ በቀስታ ሲዞር ማየት አለባችሁ። መዞሩን ትቶ ከተንቀጠቀጠ ብዙ ተጭናችኋል ወይም ፓዱን አዘንብላችኋል፤ እየሠራችሁ አይደለም፣ ክንዳችሁን እያደከማችሁ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ማሽኑን በራሱ ክብደት ብቻ ተዉት። ሥራው የሚጠራው እዚያ ላይ ነው።

በየመሃሉ የእጃችሁን ጀርባ ቀለሙ ላይ አሳርፉ። ለብ ማለቱ ችግር የለውም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አቁሙና ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ። ባምፐር ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱን አያስተላልፍም፣ ቶሎ ይግላል። እዚያ ላይ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ዙሩንም አሳጥሩ።

ማሽኑን ከቀለሙ ላይ ከማንሳታችሁ በፊት አጥፉት። አለበለዚያ ግቢው በሙሉ ፖሊሽ ይለብሳል። መብራት ቢሄድም መጀመሪያ ማብሪያውን ዝጉ፣ ከሶኬቱም ንቀሉት። ማሽኑ እንደበራ ኮፈኑ ላይ ተኝቶ መብራቱ ቢመጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

አንድ ቦታ ሲያልቅ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ሳትጫኑ ጥረጉ። ፎጣውን አራት አጥፉት፣ እያገላበጣችሁ ንጹሑን ፊት ተጠቀሙ። ፓዱንም በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። የተነሳው ክሊርና የደረቀው ፖሊሽ ፓዱ ላይ ተጋግሮ ከቀረ ራሱ ይጭራል። ይህን በየቦታው አድርጉት፤ በየበሩ ሳይሆን በየቦታው።

እንዲህ እያላችሁ ጣሪያ፣ ኮፈን፣ በሮች፣ ፓራፋንጎ፣ ጀርባ። ቪትዝ የምታክል ትንሽ መኪና በአንድ ደረጃ ብቻ ከተሠራች ቀኑን ሙሉ ትወስዳለች። ወገብ ይጎዳል። ሁለት ቀን ብትከፍሉት ማንም አይፈርድባችሁም።

ሁለተኛው ደረጃ ያስፈልጋል?

ኮምፓውንድ ከተጠቀማችሁ ድሩ ጠፍቶ በምትኩ ጭጋግ የመሰለ ድብዝዝታ ሊቀር ይችላል። ነጭና ብርማ መኪና ላይ ማንም አያየውም፤ ተዉት። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ቀይ ላይ ግን ይታያል። አጥሪ ፖሊሹን በለስላሳ ፓድ፣ ሳትጫኑ፣ ሦስት አራት ዙር ሂዱበት። ይህ ደረጃ የሚያነሳው ክሊር በጣም ትንሽ ነው፣ የሚሰጠው ጥልቀት ግን ትልቅ ነው።

ማሽን ከሌለስ?

የበር እጀታ ሥር ጥፍር የጫረው፣ ቁልፍ የነካካው፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል ቦታ በእጅ ይሠራል። ትንሽ የስፖንጅ ፓድ ላይ ሁለት ጠብታ አድርጉና በቀጥታ መስመር፣ ወዲያ ወዲህ፣ ከዚያ አግድም፣ አንድ ሁለት ደቂቃ እሹ። ጥረጉ፣ እዩ፣ ድገሙ። መላውን መኪና በእጅ እሠራለሁ ብላችሁ ግን አትነሱ። ኮፈኑ ግማሽ ላይ ክንዳችሁ ይዝላል፣ ግፊቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ፀሐይ ላይ ዥንጉርጉር ይወጣል።

በ2000 ወይም በ3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ማሸት የሚባል ነገር አለ። በኢንተርኔት ቪዲዮ ቀላል ይመስላል። መለኪያ የሌለው ሰው አይንካው።

ሰም

አዲስ የተጠራ ክሊር ራቁቱን አያድርም። በአልኮሉ ውሃ መኪናውን አንዴ ጥረጉና ሰም ወይም ሲላንት (ሰው ሠራሽ የቀለም መከላከያ) በስሱ ቀቡ። ስስ ማለቴ ነው፤ ወፍራም ሰም የበለጠ አይጠብቅም፣ ለመጥረግ ብቻ ያስቸግራል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቃችሁ ጥረጉት። ካርኖባ ሰም ለሳምንታት፣ ሲላንት ለወራት ይቆያል። ሴራሚክ ኮቲንግ ከሁለቱም ይረዝማል፣ ግን «ጭረት አይነካውም» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት። ውሃና ቆሻሻ ቶሎ እንዲወርድ ያደርጋል፤ አሸዋ በያዘ ጨርቅ ከታሸ እሱም ይጫራል።

ድሩ እንዳይመለስ

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ሰኞ ጠዋት የግቢው ጥበቃ «ጋሼ፣ መኪናዋን ወልወል ላድርጋት?» ይላል። በቅንነት ነው። እምቢ ብሎ ማለፍ ሰውየውን ያስቀይማል፣ የዕለት ሳንቲሙንም ያስቀርበታል። ስለዚህ ሥራውን ቀይሩለት። መስታወቱን ብቻ ያጽዳ። ኮፈኑን ከነካ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ጀሪካን ውሃ ያፍስስበት። ሁለት የማይክሮፋይበር ፎጣ ስጡት፣ አንዱ ለመስታወት፣ አንዱ ለአካል። ውሃ በፈረቃ በሆነበት ሳምንት መኪናው አቧራ ለብሶ ይዋል። አቧራ ብቻውን አይጭርም፤ የሚጭረው ሲጎተት ነው።

ላቫጆ የምትሄዱ ከሆነ የራሳችሁን የማጠቢያ ጓንትና የማድረቂያ ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ። «ይኼ ለላይ፣ የእናንተ ለታች» በሏቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ይለምዱታል። ከጨረሱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ እንዳያሹት አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ማይክሮፋይበሮቹን ከሌላ ልብስ ጋር አትጠቡ፣ ማለስለሻም አታድርጉባቸው። መሬት ላይ የወደቀ ፎጣ እስኪታጠብ ድረስ ወደ መኪናው አይመለስም።

የመኪና ልብስ ለምታለብሱ ደግሞ፣ አቧራ የያዘ መኪና ላይ አታልብሱ። ልብሱ በንፋስ ሲንቀሳቀስ ሌሊቱን ሙሉ አቧራውን ቀለሙ ላይ ሲፈጭ ያድራል። በተለይ የመስታወቱ ጆሮ አካባቢና የኮፈኑ ጫፍ ላይ ልብሱ ይወጠራል፤ ጭረቱም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። በታጠበ መኪና ላይ ብቻ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ልብስ፣ ከሥሩ ገመዱ ጠብቆ ታስሮ። ገመዱ ከላላ ባታለብሱት ይሻላል።